ከጎጃም ወደ ሰንዳይ ለምትሄዱ፦ ሱናሚ የመታውን የአራሃማ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት የሚረዳ መመሪያ

ለትምህርት ወይም ለአጭር ሥልጠና ጃፓን የሚሄዱ የአገሬ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ያ ሱናሚ የመታውና እንዳለ የተቀመጠው ትምህርት ቤት እንዴት ይኬዳል? ከሄድኩስ ምኑን ልይ?» ጠያቂው ከደብረ ማርቆስም ይሁን ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬም ይሁን ከባሕር ዳር፣ ጥያቄው ያው ነው። በስልክ ስመልስ አንዱን ነግሬ ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መጀመሪያ ስሄድ የሆነውን ካወቃችሁ መመሪያው ለምን በዚህ መልክ እንደተዘጋጀ ይገባችኋል። ያኔ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ የተጣመመውን ብረትና የተሰባበረውን ግድግዳ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። አገሬ ገብቼ ፎቶዎቹን ለተማሪዎቼ ሳሳይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «እነዚያ ልጆች ታዲያ እንዴት ተረፉ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የእሷን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። እናንተ ከመጀመሪያውኑ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ባሕር ለሌለን ለእኛም የጉብኝቱ ጥቅም እዚያ ላይ ነው፤ ለጨሞጋ ወንዝ ደራሽም ሆነ ለዓባይ በረሃ ናዳ የሚያገለግለው መልሱ ነውና።

ስለ ቦታው በአጭሩ

የአራሃማ ትምህርት ቤት ከሰንዳይ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ 700 ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ ሱናሚው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ገባ። በላይኛዎቹ ፎቆችና በጣሪያው ላይ የተጠለሉት ተማሪዎች፣ መምህራንና የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ በድምሩ 320 ሰዎች፣ ሁሉም ተረፉ። ያወጧቸው ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጃፓኖች ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ብለው ይቆጥራሉ፤ በእኛ አጠራር ሕንፃው ጂ ፕላስ ሦስት ነው። ከዚህ በታች የምጠቀመው የእነሱን አቆጣጠር ነው፤ በየደረጃው የተለጠፈው ቁጥርም እሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሰንጠረዥ ስለምትሠሩ ወረቀት ይሻላል።
- የራሳችሁ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ንድፍ። በእጅ የተሣለ ይበቃል፤ ወንዙ፣ ገደሉ፣ መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ይታይበት።
- ቻርጁ የሞላ ስልክና ፓወር ባንክ። ማስጠንቀቂያ ቢመጣ የምትሰሙት በስልካችሁ ነው።
- ሱይካ ወይም ኢክስካ የተባለው የጉዞ ካርድ። ለባቡሩም ለአውቶቡሱም ያገለግላል።
- ምሳና ውሃ። ትምህርት ቤቱ አካባቢ ሰፈሩ ጠፍቷልና ምግብ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ጣቢያው አካባቢ ግዙ። ጾም ላይ ከሆናችሁ የጃፓን ሾርባ አብዛኛው የዓሣ መረቅ እንዳለበት እወቁ፤ ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ መሄድ ይቀላል።
- ንፋስ የሚከላከል ጃኬት። የባሕሩ ንፋስ የጮቄን ብርድ ለለመደ ሰውም ይከብዳል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ይብሳል።
- ሲባጎ፣ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከመለኪያ ሜትር ጋር። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ከጎጃም ሳትወጡ ሽማግሌ ጠይቁ

ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በሰፈራችሁ ዕድሜ የጠገቡ ሁለት ሦስት ሰዎችን አነጋግሩ። አስቀድማችሁ ጃፓን ከገባችሁ ደውሉ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ «አያ፣ ይህ ወንዝ በዕድሜዎ የት ድረስ ወጥቶ ያውቃል? ያኔ ሰው ወዴት ሸሸ? ማንስ ቀድሞ አወቀ?» ናዳ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ መሬቱ የተሰነጠቀው የት እንደነበር፣ ምንጭ የደፈረሰበት ወይም በድንገት የደረቀበት ጊዜ እንደነበረ ጠይቁ። እናቶችን ሳትጠይቁ አትለፉ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ ወንዝና ምንጭ ሲለወጥ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የሰማችሁትን ንድፉ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ደረጃ ከሁሉ በፊት የመጣበት ምክንያት አለው፦ የራሱን ስጋት ይዞ የሄደ ሰው እዚያ የሚያየውን ነገር ሁሉ ከራሱ ወንዝና ተዳፋት ጋር ያመሳክራል። ባዶ እጁን የሄደ ሰው ፍርስራሽ አይቶ ይመለሳል።

2. ቀንና ሰዓት ምረጡ

ሰኞ ዝግ ነው፤ ከዚህ ሌላ በወር ውስጥ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። የሚከፈተው በእነሱ ሰዓት 9፡30፣ በእኛ ከጠዋቱ 3፡30 ነው፤ የሚዘጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን ደብተራችሁ ላይ ጎን ለጎን ጻፉት። ከአንድ በላይ ሰው «ዘጠኝ ተኩል» የሚለውን በእኛ ሰዓት ወስዶ ከሰዓት በኋላ ሄዷል፤ የቀረው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያስፈልጋችኋል፤ ስለዚህ ጠዋት ሲከፈት ግቡ።

በቡድን ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ማርች 11 ቀን ቤተሰብ ሙታኑን የሚያስብበት ቀን ስለሆነ በዚያን ቀን ለጥናት አትሂዱ።

3. ጉዞውን የጉብኝቱ አካል አድርጉት

ከቶኪዮ ሰንዳይ በሺንካንሰን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከሰንዳይ ጣቢያ በቶዛይ የምድር ባቡር መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ አራይ ሂዱ፤ 15 ደቂቃ አይፈጅም። አራይ ጣቢያ ውስጥ የሰንዳይ 3.11 መታሰቢያ ማዕከል አለ። አውቶቡስ ከመያዛችሁ በፊት እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ሱናሚው የሸፈነውን አካባቢ ካርታ አጥኑ። ካርታውን ያላየ ሰው አራሃማ ሲደርስ የሚያየው ሰፊ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሜዳው ትናንት ሰፈር እንደነበረ አይታየውም።

ከአራይ ወደ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አውቶቡሱ ብዙ ምልልስ የለውም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ፎቶ አንሱት።

በመስኮት በኩል እያያችሁ ሂዱ። በድልድል ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ፈጣን መንገድ ታያላችሁ። የተሠራው ለመኪና ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ውሃውን በብዙ ቦታ ገትቶ ይዟል፤ 230 ያህል ሰዎችም ድልድሉን በእጅ በእግራቸው ቧጥጠው ወጥተው ድነዋል። ከዚያ በኋላ ሰው በቀላሉ እንዲወጣበት ደረጃ ተሠራለት። ይህን ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛ የአስፋልት መንገድ ድልድል ነው። ረግረግ ሜዳ ላይ ባለ ሰፈር ከፍ ያለው ቦታ እሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ንድፋችሁ ላይ ድልድል ካለ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ አክብቡት።

4. ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን መሸሻ ለዩ

ግቢው በር ላይ ቆማችሁ «አሁን መሬቱ ቢንቀጠቀጥ ወዴት እሄዳለሁ?» በሉ። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። አካባቢው ላይ ወደ ከፍታ የሚሮጥ ሰው የተሣለበት አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ፈልጉት። ለመሸሻ ተብሎ የተሠራ የአፈር ጉብታም አለ። ሕንፃው ውስጥ ካላችሁ መሸሻችሁ ወደ ላይ ነው።

አራት የጃፓንኛ ቃላት በቃላችሁ ያዙ፦ ጂሺን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሂናን ሽሽት፣ ታካዳይ ከፍታ ቦታ፣ ኒጌቴ «ሽሹ!» ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ከእነዚህ አንዱን ከሰማችሁ ዓረፍተ ነገሩ እስኪገባችሁ መጠበቅ አያስፈልግም።

5. ፎቅ በፎቅ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆዩት።

አንደኛ ፎቅ። የመማሪያ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ተገሽልጧል። በዚያን ጊዜ የተነሱት ፎቶዎች በየክፍሉ ተቀምጠዋል፤ መኪና፣ ግንድና ቆሻሻ ክፍሉን ሞልቶት ታያላችሁ። ፎቶውንና አሁን የቆማችሁበትን ክፍል አንድ ላይ አመሳክሩ። ውሃው ብቻውን እንዳልመጣ የሚገባችሁ እዚህ ነው። ደራሽም እንዲሁ ነው፦ የሚገድለው አብሮት የሚንከባለለው ድንጋይና ግንድ ጭምር ነው። «ዋና ስለምችል አልፈራም» የሚል ተማሪ ካላችሁ ይህን ክፍል ንገሩት።

ሁለተኛ ፎቅ። ውሃው ከወለሉ 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ምልክቱን ፈልጉ። ከመሬት ሲለካ የውሃው ከፍታ 4.6 ሜትር ነው። ሲባጎውን አውጥታችሁ 4.6 ሜትር ለኩና ቁረጡት፤ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። አገር ቤት ስትመለሱ በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። ልጅ «4.6 ሜትር» ሲባል አይታየውም፤ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለ ሲባጎ ግን አንጋጥጦ ያየዋል።

ሦስተኛ ፎቅ። ብዙ ጎብኚ ይህን ፎቅ በጥድፊያ ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን የዚያች ልጅ ጥያቄ ግማሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቺሊ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ እስከ ጃፓን ደርሶ ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ ትልቅ ጉዳት ሳያስከትል አለፈ። ትምህርት ቤቱ ግን «አለፈ» ብሎ አልተወውም፤ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ብርድ ልብስና ምግብ ወደ ሦስተኛው ፎቅ አወጣው። በቀጣዩ ዓመት ውሃው አዳራሹን ሲመታ ብርድ ልብሱ ከላይ ነበር፤ በዚያ ብርድ ያደሩት ልጆች ያገኙት እሱን ነው። ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ በትምህርት ቤታችን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ፣ መብራቱ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር የት ነው ያለው? ጎርፍ ቀድሞ የሚገባበት መጋዘን ውስጥ ከሆነ ከመመለሳችሁ በፊትም ቢሆን ደውላችሁ አሳውቁ።

አራተኛ ፎቅ። እዚህ ስለ 27ቱ ሰዓታት፣ ማለትም ከመሬት መንቀጥቀጡ እስከ መጨረሻው ሰው መውጣት ስላለው ጊዜ፣ የሚያሳይ ፊልም አለ። ተቀምጣችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። ሱናሚው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሰፈር ሞዴልም እዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በትንሹ ተሠርቷል። ሞዴሉን ካያችሁ በኋላ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ።

ጣሪያ። አሁን ውጡ። ወደ ባሕሩ ፊታችሁን አዙሩና 320 ሰው እዚህ ላይ መቆሙን አስቡ። ከዚያ ዞራችሁ ወደ ከተማው በኩል እዩ፤ ወደዚያ በእግር መሸሽ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይናችሁ ለኩ። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በቅርብ ያለው ከፍታ ሕንፃው ራሱ ነበር። ወደ ጎን መሸሽና ወደ ላይ መሸሽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

6. የሰዓቱን ሰንጠረዥ ሙሉ

ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡና ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ሰዓት፣ የታወቀው ነገር፣ የተወሰነው ነገር። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

- ከቀኑ 8፡46፦ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።
- 8፡49፦ የጃፓን የአየር ትንበያ ተቋም ከፍተኛ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሰንዳይ ላለችበት ለሚያጊ ግዛት 6 ሜትር ተብሎ ተገመተ።
- 9፡14፦ ግምቱ ወደ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ አለ።
- 9፡55፦ ሱናሚው አራሃማ ትምህርት ቤት ደረሰ።

ሦስተኛውን ዓምድ የምትሞሉት ከፊልሙና ከማብራሪያው ነው። ከመንቀጥቀጡ እስከ ውሃው 69 ደቂቃ አለ። ግምቱ በመካከል መለወጡን አስተውሉ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምቶ «ይበቃል፣ እዚህ እንቁም» ያለ ሰው ሁለተኛውን ቁጥር ላይሰማ ይችላል፤ መብራትም ስልክም ይቋረጣልና። ሰንጠረዡ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ሰው የሚወስነው ሁሉን አውቆ እንዳልሆነ፣ በጎደለ መረጃ እንደሆነ በግልጽ ያሳያችኋል። በእኛም ዘንድ ሰማዩ እዚህ ጠርቶ ዝናቡ ጮቄ ላይ እየወረደ ይሆናል፤ ወንዙ ዳር ያለ ልጅ የሚያውቀው የውሃው መልክ መለወጡን ብቻ ነው።

7. ሰው አነጋግሩ

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያስረዱ ሰዎች አሉ። ያለፉበትን የሚናገሩ ምስክሮች «ካታሪቤ» ይባላሉ። የጽሑፍ ማብራሪያው በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ አትቸገሩም፤ ለንግግሩ ግን የስልክ መተርጎሚያ አዘጋጁ። ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም።

«ስንት ሰው ሞተብህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚጠይቅ የለም። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ከዚያ ቀን በፊት ምን ትለማመዱ ነበር? ከልምምዱ ያልሠራው የትኛው ነው? ዛሬ ቢሆን ምን ትለውጡ ነበር? ያዘነ ሰው ለሌላው የሚጠቅመውን ሲጠየቅ ሳይሰስት ይናገራል።

ስትወጡ ወደ ባሕሩ በኩል ተጠብቀው የቆዩትን የቤቶች መሠረቶችና የሟቾች ስም የተቀረጸበትን መታሰቢያ አይታችሁ ተመለሱ። እዚያ ዝም ማለት በቂ ነው።

8. ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ኦካዋ ሂዱ

የኦካዋ ትምህርት ቤት በኢሺኖማኪ ከተማ አስተዳደር ሥር፣ ከኪታካሚ ወንዝ አፍ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። በሕዝብ ትራንስፖርት አስቸጋሪ ስለሆነ ከኢሺኖማኪ መኪና ያስፈልጋል። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ራሳቸው ያስጎበኛሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ 74 ተማሪዎችና 10 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሞተዋል ወይም የደረሱበት ጠፍቷል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ 50 ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ ቆዩ። ከግቢው ጀርባ ተራራ አለ። ውሃው የደረሰው ከቀኑ 9፡37 ላይ ነው። ቦታው በአደጋ ካርታው ላይ ውሃ ይደርስበታል ተብሎ አልተሰመረም ነበር፤ እንዲያውም መጠለያ ተብሎ የተመደበ ነበር። የትምህርት ቤቱ የአደጋ መመሪያ ደግሞ ሱናሚ ሲመጣ የሚኬድበትን ቦታ በስሙ አልጠራም፤ በአቅራቢያ ያለ ክፍት ቦታ ወይም መናፈሻ ነበር የሚለው። ወላጆች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማውንና ግዛቱን ተጠያቂ ያደረገውን ፍርድ አጸና። ጥፋት የተባለው ከአደጋው በፊት የነበረው ዝግጅት ጭምር ነው።

ከጀርባ ያለውን ተራራ ቆማችሁ እዩት፤ ከግቢው እስከ እሱ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ከዚያ የራሳችሁን ትምህርት ቤት ዕቅድ አስታውሱ። «ከጎርፉ ራቅ ወዳለ ቦታ ይወሰዳሉ» ይላል? የትኛው ቦታ? በየት በኩል? ስም የሌለው ቦታ በጭንቅ ሰዓት ክርክር ይሆናል፤ ክርክሩ ደቂቃ ይበላል። «ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጉብታ፣ በመምህራን መኖሪያው በኩል» ተብሎ ይጻፍ።

9. በዚያው ማታ አንድ ገጽ ጻፉ

ማደሪያችሁ ገብታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ከአደጋው በፊት የተሠራና ሰው ያዳነ ነገር፣ በሰዓቱ የተወሰነና ሰው ያዳነ ነገር፣ ለእኛ ትምህርት ቤት የሚሆን አንድ ለውጥ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ፎቶው ይቀራል፤ ሐሳቡ ይበተናል።

10. አገር ቤት ስትመለሱ ልምምዱን አድርጉ

ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ እንዲህ ሥሩት።

ሀ. የወንዙን ወይም የተዳፋቱን አደጋ ከቀበሌው ጋር አረጋግጡ፤ መሸሻ ቦታውን በስሙ ሰይሙ። አንድ ቦታ ብቻ አትያዙ፤ መንገዱ ቢቆረጥ የሚተካ ሁለተኛ ቦታ ይኑር። ለናዳ የሚመረጠው ቦታ ለጎርፍ ከሚመረጠው ይለያል፦ ከጎርፍ ወደ ላይ ትሸሻላችሁ፤ ከናዳ ግን ከሚንሸራተተው ተዳፋት መስመር ወደ ጎን ነው መውጣት ያለባችሁ። ይህን የተሳሳተ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወደ አደጋው ይነዳል።

ለ. የአንደኛ ክፍል ልጆችን ይዛችሁ በእግር ሂዱና ደቂቃ ያዙ። በስምንተኛ ክፍል ልጆች ፍጥነት አትለኩ። መድረሻ ሰዓታችሁ የትንሿ ልጅና እግሩን የሚያመው ልጅ ሰዓት ነው።

ሐ. ምልክቱን ወስኑ። መብራት ስለማይታመን የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ከድምፅ ማጉያ ይሻላል። የዕረፍት ደወልና የአደጋ ደወል በአመታት ይለዩ፤ ለምሳሌ ሳይቋረጥ ሲደወል አደጋ ይሁን።

መ. ርዕሰ መምህሩ ከሌሉ ማን ይወስናል? ሦስት ሰው በቅደም ተከተል ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የጥበቃ ሠራተኛውም ቸርኬውን ለመደወል ፈቃድ ይኑረው፤ ወንዙን ቀድሞ የሚያየው እሱ ሊሆን ይችላል።

ሠ. ወላጆችን ሰብስባችሁ ንገሩ፦ አደጋ ሲሆን ልጅ ለመውሰድ ወደ ትምህርት ቤቱ አትምጡ፤ የምንገናኘው ከፍታው ላይ ነው። ይህ የማይነገር ከሆነ እናት ወንዝ ስትሻገር ትወሰዳለች።

ረ. ሲባጎውን በምሰሶው ላይ ስቀሉና ስለ አራሃማ ያኔ ንገሯቸው።

ማስጠንቀቂያ

- ጃፓን ሳላችሁ ስልካችሁ በድንገት ቢጮህ ወይም መሬቱ ቢንቀጠቀጥ፣ ዝቅ ብላችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ጠረጴዛ ካለ ሥሩ ግቡ። መንቀጥቀጡ ሲቆም ወዲያው ወደ ከፍታ ሂዱ። ብዙ የቆየ መንቀጥቀጥ ቀስ ያለ ቢሆንም ሽሹ።
- «ባሕሩ ካልሸሸ ሱናሚ የለም» የሚለው ስህተት ነው። ባሕሩ ቀድሞ ሳይሸሽ የሚመጣ ሱናሚ አለ።
- የማስጠንቀቂያው ደረጃ ሦስት ነው፦ እስከ 1 ሜትር፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር፣ ከ3 ሜትር በላይ። ዝቅተኛውንም አትናቁ፤ ጉልበት የማይደርስ ሱናሚ ሰው ይጥላል። ባሕር ዳር ላይ ቀይና ነጭ ዳማ መሰል ባንዲራ ሲውለበለብ ካያችሁ ትርጉሙ ሱናሚ ነው።
- የመጀመሪያው ማዕበል ትልቁ ላይሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያው ተነሥቷል እስኪባል አትውረዱ፤ ለሻንጣም ለፓስፖርትም አትመለሱ።
- ይህ የመጨረሻው ነገር ለናዳም አንድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ወገን ሲቀበር ቆሞ ማየት ከባድ ነው። ቢሆንም ተዳፋቱን የሚጠብቅና የሚጮህ ሰው ሳታቆሙ ማንም እንዳይገባ።
- ልምምዱን ዝናብ እየዘነበ፣ ወንዝ በማቋረጥ ወይም በተሰነጠቀ ተዳፋት ላይ አታድርጉ። ተማሪ ይዛችሁ ከከተማ የምትወጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት አረጋግጡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ፍርስራሹ ፊት ቆሞ እየሳቁ ፎቶ መነሳት። እዚያ ያለው አስተናጋጅ ላይናገራችሁ ይችላል፤ ግን ጎረቤቱ የሞተበት ሰው ሊሆን ይችላል።

ለትንንሽ ልጆች የውሃውን ቪዲዮ ማሳየት። ሌሊት ይባንናሉ እንጂ አይማሩም። ለእነሱ ሲባጎውና ብርድ ልብሱ ይበቃል።

«ይህ ወንዝ እዚህ ደርሶ አያውቅም» በሚል ቃል መተማመን። ኦካዋም ካርታው ላይ አልነበረም። ደራሽ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፦ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ውሃ ልጁ ወንዙን አጋምሶ ሳይወጣ ወገቡ ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከበዛበት፣ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከመጣ ያልተሻገረው እንዳይሻገር፣ የገባው በቅርብ ወዳለው ዳር እንዲወጣ አስተምሩ።

ልምምዱን አንዴ አድርጎ መተው። በመስከረም አዲስ ተማሪ ይገባል፤ መምህርም ይቀየራል። የግንቦቱን ደቂቃ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ፤ በመስከረም ደግማችሁ ስትለኩ ከእሱ ጋር አመሳክሩ። ከዘገየ የት ላይ እንደተጨናነቀ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ነው።